አንድ ኩባያ በሶ

ሳሊሕ አልጋው ላይ ራሱን ስቶ የተገኘው አርብ ማለዳ ነው። ጤና ጣቢያ ሲደርስ የደሙ ስኳር ሃያ ነበር፤ ግሉኮሱ ሳይደርስለት አረፈ።

ረፋዱ ላይ መርማሪ ፋሲካ ስትጠራ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል። የሟች ታላቅ እህት ኸሚስ፣ ከአርዲቦ ለጥየቃ የመጣችው፣ ጣቷን በወንድሟ ሚስት በሰሚሃ ላይ ቀስራለች።

«ኢንሱሊኑን አብዝታ ወግታው ውጫሌ ሄደች! ወላሂ፣ እሷ ሳትታሰር ወንድሜ አይቀበርም!»

ሰሚሃ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆማለች፤ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ፋሲካን አንጀቷን በላቻት።

«ትላንት ማታ ምን ያህል ወጋሽው?»

«እንደ ወትሮው፣ አሥራ ስምንት። ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ።»

ፋሲካ የኢንሱሊኑ ብልቃጥ ውስጥ የቀረውን ከደብተሩ ጋር አስተያየችው። ልክክ አለ። ታዲያ ምን ገደለው?

ማድቤት ገባች። ግድግዳው ላይ በሰሚሃ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከመርፌ በኋላ አንድ ኩባያ በሶ»።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ሐኪሙ ያለው መቶ ስልሳ ግራም ነው። እኛ ቤት ሚዛን የለም፤ ወንድሙ ባድሩ ሱቅ ወስጄ ሳስመዝነው አንድ ኩባያ ሆነ።»

«ትላንት ማን ሰፈረለት?»

«እኔ ነኛ፣ የገዛ እህቱ!» አለች ኸሚስ ከበሩ ላይ። «ያመጣሁለትን በሶ በወንፊት ነፍቼ፣ ወረቀቱ እንዳለው አንድ ኩባያ!»

ፋሲካ ያደገችው ውጫሌ ገበያ፣ እህል ከምትሸጥ እናቷ ጉያ ነው። የእናቷ እጅ ትዝ አላት፤ ጣሳውን ስትነቀንቅ፣ ስትጠቀጥቅ፣ ስትቆልል። ሚዛን እንዲመጣ አዘዘች።

የሟች ወንድም ባድሩ ሚዛኑን ከሱቁ አመጣ። ቤተሰቡ ሁሉ ዙሪያውን ቆመ።

«ሰሚሃ፣ እንደ ልማድሽ ስፈሪ።»

ሰሚሃ ኩባያውን በበሶ ሞልታ መደቡ ላይ ደሰቅ ደሰቅ አድርጋ ጠቀጠቀችው፤ ቆለለችው። መቶ ስልሳ ግራም።

«እትዬ ኸሚስ፣ እርስዎ ደግሞ እንደ ትላንቱ።»

ኸሚስ የተነፋውን በሶ በቀስታ ሞልታ የኩባያውን አፍ በመዳፏ ጠረገችው። ዘጠና።

«ለምን ጠረጉት?»

«ስኳር ያለበት ሰው ነው ብዬ… እንዳይበዛበት…» ድምጿ ተቋረጠ።

«ኩባያው አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ለየቅል ነው» አለች ፋሲካ። «የተነፋ በሶ ላላ ብሎ ይቀመጣል፤ የተጠቀጠቀው ይከብዳል። መርፌው የተወጋው ለመቶ ስልሳ ግራም ነበር፤ ሳሊሕ የበላው ዘጠና ነው። ቀኑንም እርሻ ላይ ሲደክም ውሏል። በእንቅልፍ ልቡ ስኳሩ ወረደ፤ ማንም አላየለትም። እዚህ ቤት ገዳይ የለም።»

ፖሊሶቹ ከሰሚሃ ራቅ አሉ። እውነቱ አንዷን ነጻ ሲያወጣ ሌላዋን እንደሚሰብር ፋሲካ ታውቅ ነበር፤ ቢሆንም አዘነች።

ኸሚስ ከበሶው እየዘገነች ሚዛኑ ላይ ትጨምር ጀመር። መቶ ስልሳ ሲሞላ የጨመረችውን መልሳ በእፍኟ አነሳችው።

«ይቺ ናት? ወንድሜን ያሳጣችኝ ይቺ ናት?»

ሰሚሃ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ በሶ የያዙትን እጆች በእጆቿ ከደነቻቸው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የአንቱ ብቻ አይደለም። ጠቅጥቁት ብዬ አልጻፍኩም።»

ያን ጊዜ የሰሚሃ እንባ መጣ። ውጭ ወንዶቹ የሳሊሕን ጀናዛ ሊያነሱ ጫማቸውን እያወለቁ ለሶላት ይሰለፉ ነበር።