ያልነቃችው አንበሳ

የጥላ ሬሳ የተገኘው ከወንዙ ማዶ፣ ገላጣው ሜዳ ላይ ነበር። አንዲት እናት አንበሳ አጠገቡ ተጋድማለች፤ ጥንብ አንሳዎች ከበውታል። ጥላ የሚሉት የፓርኩን የጥበቃ አለቃ ነው። ዕድሜ ልኩን አንበሶችን ከኋላ ከኋላ ሲከተል ስለኖረ የወጣለት ስም ነው። አንበሳ የሚጠብቅን ሰው አንበሳ በላው ሲባል ማን ይጠይቃል? ሁሉም ከንፈሩን መጥጦ አመነ።

መርዶውን በሬዲዮ የተቀበለችው ታናሽ እህቱ ነበረች፤ የጣቢያው ሬዲዮ ሠራተኛ እሷ ናት። የሰማችውን ቃል በቃል ደገመች፤ «ተቀብያለሁ» አለችና መነጋገሪያውን አስቀመጠች። ሰዎች ደረቷን እስክትመታ ሲጠብቁ እሷ የጠረጴዛውን አቧራ ትጠርግ ጀመር። የሆነ ነገር ሊሰማት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ግን ምንም አልተሰማትም።

የጣቢያው ኃላፊ ባሏ ነው። ከከተማው ዋና መሥሪያ ቤት ተሹሞ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እሷንም ያገባት እዚሁ ነው። የአማቹን ሞት እንደሰማ «ሰው የቀመሰች አንበሳ አትኖርም፤ አሁኑኑ ትገደል» ብሎ አዘዘ። የእንስሳት ሐኪሙ ግን መርማሪ ሳያይ ጥይት አይተኮስም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ያቺ አንበሳ ጡት የሚጠባ ግልገል አላት። እሷ ከሞተች እሱም አለቀለት።

ኢንስፔክተሯ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ባልደረቦቻቸው «ጉንዳን» ይሏቸዋል፤ ቀስ ብለው ይሄዳሉ፣ የማይገቡበት ቀዳዳ የለም፣ የነከሱትንም አይለቁም።

«ሬሳውን አሳዩኝ» አሉ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች እህትየው። ባሏ ሊከለክላት አፉን ከፈተና ኢንስፔክተሯን አይቶ የመኪናውን በር ከፈተላት።

የጣቢያው ሽማግሌ ሾፌር መኪናውን ከሬሳው አጠገብ አቆመ። ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ አንበሳዪቱ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። ሆዷ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጠግባ ነው» አለ ኃላፊው።

«ምን በልታ?» አሉ ኢንስፔክተሯ። ከጥላ ላይ የተነካው አንድ ትከሻው ብቻ ነበር።

ጥንብ አንሳዎቹም ከመኪናው አልሸሹም። አንዱ ሊነሳ ክንፉን ዘረጋና በግንባሩ ተደፋ።

«እነዚህስ?»

«እነዚህ ሆዳሞች ከጠገቡ መቼ መብረር ይችላሉ?» አለ ኃላፊው።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ሲደነግጡ የዋጡትን ተፍተው ይነሳሉ። ዛሬ ምን እንደነካቸው እንጃ።»

ሾፌሩ መኪናውን በአንበሳዪቱና በሬሳው መካከል አስገባ፤ ኢንስፔክተሯ ወርደው ተንበረከኩ። እህትየው የወንድሟን ፊት በመስኮት አየች። የተኛ ይመስላል። ያኔ እንኳ እንባዋ አልመጣም።

«ትከሻው እንዲህ ተቦጭቆ ደሙ የታለ?» ብለው ጠየቁ ኢንስፔክተሯ።

«ስትነክሰው ሞቶ ነበር ማለት ነው» አለ ሐኪሙ በዝግታ። «የሞተ አይደማም።»

«ልቡ ቆሞ ይሆናላ!» አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ። «በተፈጥሮ ሞቱ ሞተ፤ ከዚያ አውሬ አገኘው።»

«ታዲያ አንበሳዪቱ ምን አጥፍታ ትገደል?»

 ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብሎ አጉተመተመ።

ኢንስፔክተሯ ሬሳውን ገለበጡት። ጀርባው አልተነካም፤ ሸሚዙ ላይ ግን አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ ዙሪያዋን ደም ደርቆባታል።

«ይቺስ የጥርስ ናት?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዋን አየ። «አይደለችም» አለ። «ማደንዘዣ የሚተኩሰው ጠመንጃ መርፌ የበሳት ይመስለኛል። መድኃኒቱ ለጎሽና ለዝሆን ነው፤ ሰው ላይ ካረፈ ዕድሜ የለውም።»

ኃላፊው ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ጠመንጃው ያንተ ነው» አለው።

ጣቢያው ሲመለሱ ኢንስፔክተሯ ከሬዲዮው ክፍል ተቀምጠው ኃላፊውን፣ ሐኪሙንና ሾፌሩን ተራ በተራ ጠሩ። እህትየው ከጥግ ሆና ሁሉንም ሰማች። ጠመንጃው ክሊኒኩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ቢሮው ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ሦስቱም ሊያነሱት ይችላሉ፤ ሦስቱም መተኮስ ያውቃሉ።

«እርስዎ ማታ የት ነበሩ?» ብለው ኃላፊውን ጠየቁት።

«ቤቴ። ሚስቴን ይጠይቋት፤ ይቻትና።»

ኢንስፔክተሯ ቀና ብለው አዩዋት እንጂ አልጠየቋትም። «ከክሊኒኩ ጀርባ የተቆለለ አፈር አይቻለሁ። እዚህ የሞተ እንስሳ ይቀበራል እንዴ?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። ለጎብኚ የሚነግረው ነገር ስለሆነ አፉ ለምዶታል። «እዚህ ምንም አይቀበርም። የሞተውን ተፈጥሮ ራሷ ታጸዳዋለች፤ ጅቡም ጥንብ አንሳውም ለዚህ ነው የተፈጠረው። እሱ የቆሻሻ ጉድጓድ ይሆናል።»

«አመሰግናለሁ። ሌሎቹንም ይጥሩልኝ።»

አራቱም ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ጀመሩ።

«ሰውየውን አንበሳ አልገደለውም፤ ቁስሉ አልደማም። ልቡም በራሱ ጊዜ አልቆመም፤ ጀርባው ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ገዳዩ ሬሳውን ሜዳ ላይ የጣለው አውሬ ጨርሶ እንዲበላውና ምልክቱ እንዲጠፋ ነው። ግን አንበሳዪቱ ጥቂት እንደቀመሰች ወደቀች፤ ጥንብ አንሳዎቹም ወደቁ። ሁላችንም በልታ የተኛች መሰለን። የሰውየው ሥጋ ነው ያደነዘዛት። አባባ፣ ያ አፈር ምንድን ነው?»

«ጎሽ ነው» አለ ሾፌሩ። «ሐኪሙ ሊያክመው አደንዝዞት እጁ ላይ ሞተ። ጥልቅ አድርጌ ቆፍሬ ቀበርኩት።»

«ለምን ለአውሬ አልተዋችሁትም?»

«በራሱ የሞተውንማ እንተዋለን። በመድኃኒት የሞተ ግን የበላውን ሁሉ ይጥላል። አንድ ጊዜ፣ ኃላፊው ሳይመጣ በፊት፣ ቀጭኔ ትተን ጥንብ አንሳ ፈጅተናል። ከዚያ ወዲህ እኔና ሐኪሙ ሳንቀብር አናድርም።»

ኢንስፔክተሯ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ሐኪሙ ገድሎት ቢሆን ወደ ጉድጓድ ነበር የሚወስደው። አባባ፣ እርስዎም እንደዚያው። ሁለታችሁም ማደንዘዣ የገባበት ሥጋ ሜዳ ላይ ቢጣል መናገሩ እንደማይቀር ታውቃላችሁ። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ነው። አሁን ከአፉ ሰማሁት፤ ‹እዚህ ምንም አይቀበርም› አለኝ።»

ሁሉም ኃላፊውን አዩት። እሱ ግን ያየው ሚስቱን ነበር።

«ይሄ ግምት ነው» አለ። «እኔ ማታ ቤቴ ተኝቻለሁ። ንገሪያት እንጂ። ምነው ዝም አልሽ?»

«ልጄ» አሉ ኢንስፔክተሯ፣ «ባልሽ ነው። መናገር ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም።»

 ባሏን አየችው፤ እንደ ባዳ ነበር የሚታያት። አንዲት ቃል ብትናገር ቤቷ ይፈርሳል፤ ዝም ብትል ነገሩ ግምት ሆኖ ይቀራል፤ የወንድሟ ደም ደመ ከልብ ይሆናል።

«ቤት አልነበረም» አለች። «ጎህ ሲቀድ ነው የመጣው። ልብሱን ራሱ አጠበ፤ አጥቦም አያውቅ።»

«ስለ ምን ወንድምሽን ይገድለዋል?»

«አንበሳዪቱ የወለደቻቸው ግልገሎች ሦስት ነበሩ። ሁለቱን ጅብ በላቸው ተባለ። ጋሼ ግን ለነጋዴ እየተሸጡ እንደሆነ ደረሰበት። ሻጩን ገና አልለየውም ነበር፤ የመኪና ዱካ ይዣለሁ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት እናገራለሁ ብሎ ለእኔ ብቻ ነገረኝ።»

«ለአንቺ ብቻ ከነገረሽ ባልሽ ከየት ሰማ?»

ኃላፊው አንገቱን ደፋ። ሾፌሩ ፊቱን አዞረ። ክፍሉ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም፤ መናገር የነበረባት ግን እሷ ናት።

«ከእኔ» አለች። «እራት ላይ ነገርኩት። ሥራው ስለሆነ ደስ ይለዋል ብዬ፤ ጋሼን ያግዘዋል ብዬ።»

ኢንስፔክተሯ ኃላፊውን በእጃቸው አስነሱት። ከደጅ የቆሙት ፖሊሶች ተቀበሉት፤ አልታገለም። በሩ ሲዘጋ ተመልሰው እፊቷ ቆሙ። 

«አላወቅሽም፣ ልጄ» አሉ።

«አላወቅኩም» አለች። «ግን ለምን እንደሞተ ሳይገባው አልቀረም። ከእኔ በቀር ለማንም እንዳልነገረ ያውቃል።»