በመስመሩ ዳር ያለች ሰረዝ

አስጠኚው የሞተው መስኮት በሌለው የመጻሕፍት መጋዘን ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ በሩ ከውጭ ተቆልፎበት ነው። አስም ነበረበት፤ መድኃኒቱ ግን ውጭ ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ኮቱ ኪስ ቀርቷል። በእጁ የአንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተር ይዟል። ከመልሱ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ወፍ ናት እኮ» ብሎ ጽፎበታል።

መርማሪዋ እንደደረሰች የማስጠኛ ማዕከሉን ኃላፊ፣ ረዳት አስጠኚውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ማስጠኛ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። ሦስቱም ለልጆች በተሠሩ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ ጉልበት ጠረጴዛው ሥር ተቀርቅሯል። ልጇ ኮሪደሩ ላይ ደብተሯን አቅፋ ስትጠብቃት በበሩ መስታወት ትታያታለች።

«የመጋዘኑ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው» አለቻት መርማሪዋ የጽዳት ሠራተኛዋን።

«አንዱ። ሌላው ቢሮ ውስጥ ምስማር ላይ ነው፤ የፈለገ ያነሳዋል።»

መርማሪዋ ከጽዳት ባልዲው ሥር የተገኘች ጠባብ ቁራጭ ወረቀት ዘረጋች። በተንጋደዱ ፊደላት «ሰደበኝ ቆለፍኩበት እንዲሞት አልፈለኩም» ይላል። ቦታ ጠቧቸው አንዳንዶቹ ቃላት ለሁለት ተከፍለዋል።

«እኔ አልጻፍኩትም» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ማንበብ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያስጀመሩኝም እሳቸው ናቸው።»

«ፊደሉ የተንጋደደው ለዚያ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ ረዳቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቢናገሩ ይቀልልዎታል።»

ሴትዮዋ ልጇን አሰበች። እሷ ከታሰረች ልጅቷን የሚወስድ ዘመድ የለም። ወደ በሩ አየች፤ መርማሪዋ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች።

«ሟች ከሰው ተጋጭቶ ነበር?»

«እሱ ከማንም አይጋጭም» አለች ኃላፊዋ። «ብቻ ጠዋት የአሥራ አንድ ልጆች ደብተር ሰብስቦ፣ ‹መልሳቸው ቃል በቃል አንድ ነው፤ ለትምህርት ቤታቸው አሳያለሁ› ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«የቀሩት አሥሩ ደብተሮች የሉም» አለች መርማሪዋ። « በዚህኛው ላይ ጥያቄው ስለ አንድ ግጥም ነው፤ ክሬን በሐይቅ ላይ በረረች ይላል። መልሱ ደግሞ ገጣሚው የግንባታ ማሽንን ያደንቃል የሚል ነው።»

«የሚበር ማሽን?» ኃላፊዋ ሳታስበው ሳቀች። «ክሬን እኮ በእንግሊዝኛ ወፍም ናት።»

«ልጅ ሊሳሳት ይችላል። አሥራ አንድ ልጅ አንድ ዓይነት ሲሳሳት ግን የሠራላቸው ሰው አለ።»

ከዚያ ጠባብ ቁራጭ ወረቀቶች አደለቻቸውና «የመጋዘኑን በር የቆለፍኩት እኔ አይደለሁም ብላችሁ ጻፉ» አለች። መርማሪዋ ወረቀቶቹን ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

«እኚህ እናት ሟቹን ‹እሳቸው› ይላሉ። ‹ሰደቡኝ› እንጂ ‹ሰደበኝ› አይሉም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነው የጻፈው። አሁን ወረቀቶቹን እዩ። ኃላፊዋ መስመሩ ሲያልቅባት የቃሉን ቀሪ ዝም ብላ ታች አወረደችው፤ እኚህ እናትም እንደዚያው። አንተ ግን» አለች ወደ ረዳቱ ዞራ፣ «ቃሉን ስትከፍል ዳር ላይ ሰረዝ አደረግህ። የእንግሊዝኛ ልማድ ነው። ባልዲው ሥር በተገኘችውም ላይ ያቺው ሰረዝ አለች። ፊደሉን ለማንጋደድ ተጨነቅህ፤ እጅህ ግን የለመደውን ሠራ።»

ረዳቱ ዓይኑን እግሩ ሥር ወዳለው ቦርሳ ጣለ። አሥሩ ደብተሮች እዚያ ነበሩ።

«እስክደብቃቸው ብቻ ነበር የቆለፍኩበት» አለ። «መልሱን የሠራሁላቸው እኔ መሆኔን ቢናገር ማስተማር ይቀርብኝ ነበር። ስመለስ... ዝም ብሏል።»

«ጥፋትህንም እኚህን እናት አሸከምሃቸው።»

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ እናቷ ወገብ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ ምን ስትጽፊ ነበር?»

«ፈተና።»

«አለፍሽ?»

«አለፍኩ።» ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን የአስጠኚውን ኮት አየች። «‹መጋዘን› ላይ ‹ጋ›ን ‹ገ› ብያታለሁ። እሳቸው ቢኖሩ በቀይ ያርሙልኝ ነበር።»