ሰባት ካርዶች ለካሴት 114

ገብረ መድኅን የቪዲዮ ዴኩን ክዳን ፈታ። ጥጥ አልኮል ውስጥ ነከረና ካሴቱን የሚያነበውን ሄድ መጥረግ ጀመረ።

«ካሴቱን ዛሬውኑ አጥፊው» አለ ሳያያት። «የላይ ትእዛዝ ነው።»

«ካርዶቹስ?»

«እነሱን ለኔ ስጪኝ።»

ማዘንጊያ እጇን ከመሳቢያው ላይ አላነሳችም።

ሚያዝያ 1980፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ድሬዳዋ ገና በጠዋቱ ትፋጃለች፤ የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የቪዲዮ ክፍል ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ማዘንጊያ እዚህ ካታሎገር ሆና ስምንት ወር ሠርታለች። ስሙ የሷ አይደለም። የኅቡዑ ድርጅት የሚጠራት በአንድ መንደር ስም «ሐርላ» እያለ ነው። ጠጋኙ ገብረ መድኅን «ጨው» ይባላል፤ ትእዛዝ የሚያመጣላት እሱ ብቻ ነው።

ጣጣው የመጣው ከሰርግ ነው። የኮሌጁ ባህል አጥኚዎች ጀልዴሳ መንደር ወርደው ሰርግ ቀረጹ። ዳሱ ጥግ ሻይ ይዘው የተቀመጡ ሰባት ሰዎች ነበሩ። ካሜራ ያዡ ሰርገኞች መስለውት አራት ደቂቃ ሙሉ ፊት ፊታቸውን አነሳቸው። ሰባቱ ግን የድርጅቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሰርጉን ለስብሰባ ሽፋን አድርገውታል። አንድ የዋህ ሽማግሌ ደግሞ የሰባቱንም ስም ለአጥኚዎቹ በተራ አስጻፉ።

የቪዲዮ ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ዘነበች የማይሻር ደንብ አላቸው። ካሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፤ ለታየው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ካርድ ይጻፋል። «ስም የሌለው ፊት ለተመራማሪ ምኑ ነው?» ይላሉ። ማዘንጊያ የአጥኚዎቹን ማስታወሻ ገና በመጣ ቀን አቃጥላዋለች። አሁን የትኛው ስም የየትኛው ፊት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

«ለምን ላንተ?» አለችው። የድርጅቱ ደንብ ወረቀት ባለበት ይቃጠል ነው የሚለው፤ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም።

«ማረጋገጫ ፈልገዋል። ሰባቱንም አምጪ። ሽርጥ የታጠቀው እንዳይረሳ።»

ሰባት።

ስንት እንደሆኑ ነግራው አታውቅም። ሽርጡንማ ካሴቱን ያላየ ሰው ከየት ያመጣዋል?

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት ዴኩን ለጥገና ወደ ሱቁ ሲወስደው ካሴቱን ውስጡ ረስታው ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ስህተት ነው ይባል ነበር፤ የሷ ግን በቁሟ ሰባት ሰው ማስረከብ ነው። በራሷ ላይ ምራቋን ብትተፋ በወደደች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

ሱቁ ውስጥ ቀድቶታል፤ ቅጂው ደኅንነት እጅ ገብቷል ማለት ነው። ፊቶቹ አሏቸው። የቀራቸው ስም ብቻ ነው።

«ገና አልተየብኳቸውም» አለች። «ነገ በዚህ ሰዓት።»

በምሳ ሰዓት ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ሲተኛ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ክፍሉ የሚባለው ወጣት መጣና ጀርባውን ሰጥቷት ሌላኛው አግዳሚ ላይ ሳምቡሳውን ፈታ። የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነው። ከሰባቱ አንዱ ነው። የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ይህን ግን ጨው አያውቅም።

«ጨው ሸጦናል። ካሴቱን አይተውታል» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

ማኘኩን አቆመ።

«ታዲያ እኔን ለምን አልያዙኝም? ሬዲዮዬን ሁለቴ ጠግኖልኛል፤ በደንብ ያውቀኛል።»

«ሁላችሁንም ባንዴ ሊለቅሙ ነው። አንተ ዛሬ ከጠፋህ መንገዱን በሙሉ ይዘጋሉ።»

«ስድስቱን ዛሬ አስነግራቸዋለሁ። ጅቡቲ ለመግባት ሦስት ቀን ይበቃቸዋል።» ሳምቡሳውን አስቀመጠ። «የነሱን ስም ቀይሪው። የኔን እንዳለ ጻፊ። አንድ እውነት ካልገባበት ውሸቱ አይዋጥላቸውም።»

«ክፍሉ፣ እኔ እጄ...»

«ተይ አቦ እታለም! ሰው ያያል። ሦስት ቀን ዱላ እችላለሁ።»

ወረቀቱን ጨምድዶ ተነሳ። ዞራ አላየችውም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡንም፣ ድርጅቱንም፣ ራሷንም ጠላች።

ከሰዓት በኋላ የድሮ ካሴቶችን የካርድ መሳቢያ ሳበች። ከሦስት ዓመት በፊት ታሪክ እንዲናገሩ የተቀረጹ የሐርላና የጀልዴሳ ሽማግሌዎች አሉ። ወይዘሮ ዘነበች ያረፉትን ሁሉ ካርዳቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሟች» ብለው ጽፈውባቸዋል። ማዘንጊያ ስድስት መረጠች። የሟቹን የኑርቶን ስም ለሽርጥ ለባሹ ሰጠችው። ዐብዱልአዚዝን ከጎኑ ላለው። ዐብዱላሂን፣ ጃማዕንና ሌሎቹን ሁለት ለቀሩት።

ሰባተኛው ካርድ ላይ «ክፍሉ ወልደ ማርያም» ብላ ለመተየብ ሦስት ካርድ አበላሸች።

የቀረው ካሴቱ ነው። ማጥፋቷን ጨው አይቶ ካላረጋገጠ አያምናትም። ሌላ እንዳይቀረጽበት የካሴቱን የጠርዝ ፕላስቲክ ጥርስ ራሷ ሰብራው ነበር። ቀዳዳውን በፕላስተር ደፈነችና መቅረጫውን ከመጫኗ በፊት አንድ ጊዜ አየችው። ክፍሉ ለጎረቤቱ ስኳር ያቀብላል። አንድ ሰው የሆነ ነገር ይለዋል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል።

ጫነችው። አራት ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ግራጫ ብቻ ሆነ።

በማግስቱ ጨው ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። አንዱ ላይ ቆመ።

መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

«ይሄ ክፍሉ የሚሉት ማነው?»

«ታውቀዋለህ?»

«ኧረ እኔ የት አውቄው!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ፊቱ ግን ፈታ አለ። ካርዶቹን ከመፍቻዎቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ወጣ። ማዘንጊያ መዝገቡን ገልጣ ከካሴት 114 ትይዩ «በሙቀት የተበላሸ» ብላ ጻፈች።

ደኅንነቶች ክፍሉን ከጋራዡ ማሽን ላይ የወሰዱት ያን ዕለት ከሰዓት ነው። የተቀሩትን ስድስት ፍለጋ ሐርላና ጀልዴሳ ወረዱ። ስሞቹ ሁሉም የሚታወቁ ነበሩ፤ ሰው በተጠየቀ ቁጥር «አዎ፣ የኛው ናቸው» ይላል። በሦስተኛው ቀን አንድ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር እየመራ መቃብር ወሰዳቸው። የጨው የጥገና ሱቅ በዚያው ቀን ታሸገ። ማዘንጊያ ግን ወደ ሐረር በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበረች፤ ሲታሸግ አላየችም፤ ብታይም ደስ አይላትም ነበር።

አሁን ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላ ስም አላት። ከአምስት ወር በኋላ የማታውቀው ሰው መጽሐፍ መለሰ። ውስጡ የተጣጠፈ ብጣሽ ወረቀት ነበር።

«አራቱ ገብተዋል። ሁለቱ መንገድ ላይ በውኃ ጥም ቀሩ። ክፍሉ አልተናገረም። በአራተኛው ቀን አረፈ።»

ሦስት ነበር ያለው። አራት ቻለ።

ወረቀቱን እዚያው አቃጠለችው። አዲስ ካሴት አስገባች፤ የገበያ ቀን ነው። አንድ ወጣት ወደ ካሜራው ዞሮ ሳቀ። ካርዱን ታይፑ ላይ አስተካከለች።

«ማን ይባላል?» አላት የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ከኋላዋ።

ስሙ በአጥኚዎቹ ማስታወሻ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

«አልታወቀም» አለችና ተየበችው።