ነፋስ የጣለው በግ

ሌኦባርዶ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ተሸክሞ ወደ እሷ ሲመጣ፣ ኔሬይዳ የአየር ጠመንጃዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች።

«አመልካች የለሽም ሲሉ ሰማሁ» አላት።

«ማን ነገረህ? ዘመድህ ኦፌሊያ?»

«አባትሽ።»

ዞር ብላ አየች። አባቷ ዶን ኤቫሪስቶ ከሜስኪት ዛፉ ሥር ተቀምጠው ባርኔጣቸውን በጣታቸው ያሽከረክራሉ። እስከ አምና አመልካቿ እሳቸው ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ግን ዘንድሮ ጥይቷ የት እንዳረፈ ሊነግሯት አይችሉም። በሶኖራ በረሃ ነፋስ ደግሞ ያለ አመልካች መተኮስ ልፋት ብቻ ነው።

ግን ከሰው ሁሉ እሱ?

አምና በዚሁ ሜዳ የመሣሪያ ፍተሻ ላይ፣ «ጠመንጃሽ ከተፈቀደው በላይ ይከብዳል» ብሎ ከውድድር ያስወጣት እኮ ሌኦባርዶ ነው! ያውም ሁለቴ ዳንስ ቤት ወስዷት፣ ልቧ ወደ እሱ ማዘንበል ሲጀምር። በእሷ ቦታ የግዛቱ ቡድን ውስጥ የገባችው የአክስቱ ልጅ ኦፌሊያ ናት። ኔሬይዳ በሦስተኛው ቀን ጠመንጃዋን ሥጋ ቤት ወስዳ በሚዛናቸው አስመዘነችው። ከሕጉ ቅንጣት አያልፍም! ከዚያ ወዲህ እሱን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ዘንድሮ የፍተሻ ሥራውን መተዉንም «ህሊናው ቢወቅሰው ነው» ትላለች።

«እሺ፣ ቁም» አለችው። ሌላ ሰው አልነበራትም።

ከብረት የተቆረጡት ትናንሽ እንስሳት በየርቀታቸው ተደርድረዋል፤ አምስት ዶሮ፣ አምስት አሳማ፣ አምስት ተርኪ፣ መጨረሻ ላይ አምስት በግ። ቆሞ፣ ያለ ድጋፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት ብቻ። ጥይቱ ራሱ ካልጣለው አይቆጠርም።

«ነፋሱ ከግራ ነው። ወደ ግራ ጠጋ በይ» አላት።

ሊያስተኝ ነው ብላ መሃሉን ተኮሰች። ዶሮዋ ንቅንቅ አላለችም።

«በቀኝ አለፈ» አለ፣ ድምፁን ሳይለውጥ።

በሁለተኛው ሳትወድ በግድ እንዳለው አደረገች። ወደቀች! የቀሩት ሦስቱም ወደቁ። አሳማዎቹ አለቁ፣ ተርኪዎቹም አለቁ። ኔሬይዳ ግን ደስ አላላትም። ካመንኩት በኋላ ሊጥለኝ ነው፣ እያለች በዓይኗ ጥግ ታየዋለች።

«ምን ታይኛለሽ? በጎቹ እዚያ ናቸው» አላት።

«ተንኮልህን እየጠበቅኩ ነው!»

እስካሁን አሥራ አራት ጥላለች። ኦፌሊያ በአሥራ ስምንት ጨርሳለች፤ እኩል ከወጡ ቦታው የአምናዋ ነው። ስለዚህ አምስቱም በጎች መውደቅ አለባቸው።

አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት። አራቱም ወደቁ።

«ነፋሱ ቆመ» አለ ሌኦባርዶ በሹክሹክታ። «መሃሉን። አሁን!»

ቃታውን ሳበች። ብረቱ ጮኸ። በጉ በእግሩ ላይ ግማሽ ዞረና ቆመ። ኔሬይዳ በጠመንጃዋ መነጽር እያየችው ነው። ቆሟል! ከዚያ አቧራ ያዘለ ነፋስ ሽው አለና ገለበጠው። ተመልካቹ በጩኸት ፈነዳ።

ዳኛዋ ዶኛ ቻቤላ ሰዓታቸውን ሲያዩ አምልጧቸው ነበር። በዚህ ሜዳ ዳኛው ያላየውን የተኳሹ አመልካች ይጠየቃል። ለራሱ ተኳሽ «አልወደቀም» ያለ አመልካች ግን እስካሁን አልተሰማም።

«ጥይቱ ነው የጣለው?» አሉት።

ሌኦባርዶ ከመነጽሩ ቀና አለ።

«አይደለም። ዞሮ ቆሞ ነበር። ነፋሱ ነው የጣለው።»

«ለዘመዱ ነው! አምናም ይህንኑ ነው የሠራት!» ተባለ ከየአቅጣጫው።

«ኔሬይዳ፣ አንቺስ ምን አየሽ?» አሉ ዳኛዋ።

«ይዋሻል» ብትል ሜዳው በሙሉ ያምናታል። ቦታውም የእሷ ይሆናል። ሌኦባርዶን አየችው። አልለመናትም፤ የመነጽሩን እግሮች ያጣጥፍ ጀመር።

«እውነቱን ነው» አለች እንባዋ እየቀደማት። «ነፋሱ ነው።»

ያኔ ዶን ኤቫሪስቶ እየተደናበሩ ከዛፉ ሥር መጡ።

«ልጄ... አምናም እውነቱን ነበር። ክንድሽ በነፋስ እንዳይናወጥ ብዬ ሰደፉ ውስጥ እርሳስ አቅልጬ ከተትኩበት። ከልክ ማለፉን አላወቅኩም። በማግስቱ አወጣሁት። ለልጄ አትንገርብኝ ብዬ እሱን የለመንኩት እኔ ነኝ።»

ኔሬይዳ ሰደፉን ገልብጣ አየችው። ሥጋ ቤት ያስመዘነችው እርሳሱ ከወጣለት በኋላ ነበር።

«ዓመት ሙሉ ስሰድብህ ዝም አልክ?» አለችው ወደ ሌኦባርዶ ዞራ።

«በአባትሽ ከምታፍሪ እኔን ብትጠይኝ ይሻላል ብዬ ነው...» ራሱን አከከ። «ግን ምንም አልተሻለኝም።»

እያለቀሰች ሳቀች።

«ለከርሞም ከጎኔ ቁም። ኢላማ ስስት ‹ሳትሽ› በለኝ።»

«እስካሁንስ ምን አልኩሽ?»

በከርሞው ቡድኑ ውስጥ ገባች፤ በዚያው ዓመት ተጋቡ። የሠርጉ ዕለት ነፋሱ የጠረጴዛውን ልብስ እየገለበ ሲያስቸግር፣ ዶን ኤቫሪስቶ ከኪሳቸው ከሰደፉ ያወጧትን ያቺን የእርሳስ ቁራጭ አውጥተው ጥጉ ላይ አስቀመጧት።