መብራት በሌለበት የሞሉ ታብሌቶች

የሀርቡ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድና በጀት ኃላፊ ኃይለመስቀል ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ከእግሩ አጠገብ የከሰል ምድጃ አለ። የሀርቡ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለገም። ከአሰላ ወደ ጎበሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች ከተማ የሰኔ ብርድ አጥንት ይገባል። ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ሲሠራ የቀረ ሰው ኃይለመስቀል የመጀመሪያው አይደለም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም «ጭስ ነው የገደለው» አለ። ፖሊስም ብዙ አልተቸገረም። የጽሕፈት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ ተሻለችን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ግቢ ካቴና አስገብቶ ወሰዳት። ምድጃው የእሷ ነው፤ በየቀኑ የምታቀጣጥለውም እሷ ናት።

ኢንስፔክተር ፈናን ከአሰላ የተጠራችው በፖሊስ ሬዲዮ ነበር። የተጠራችውም ለምርመራ አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ የዞን ፊርማ ስለሚያስፈልግ ነው። ፈናን ግን ያላየችው ነገር ላይ አትፈርምም። ይህ ጠባይዋ በአለቆቿ ዘንድ አልተወደደላትም፤ እሷም ለመወደድ አልሞከረችም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ተሻለችን ነው።

«ምድጃውን ክፍሉ ውስጥ ትተው ነው የሄዱት?»

«እሳት ትቼ አልሄድም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ይበል! እኔ ልወጣ ስል ምድጃውን በረንዳ አወጣዋለሁ። ትናንትም አውጥቼ አሸንዳው ሥር አስቀመጥኩት፣ ዝናቡ እንዲያጠፋው።»

«ማን አየ?»

«ምድጃ ለማውጣት ምስክር ልጥራ እንዴ?»

ተሻለች ካቴናውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«እስራቱ ይሁን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ከተማ ውስጥ ጋሽ ኃይሌን የገደለችው ሴትዮ እየተባልኩ እንዴት ነው የምኖረው? ጠዋት ሲወስዱኝ ያላየ ሰው የለም። አስተማሪው፣ ዘበኛው፣ አለቃው ኦቦ ኦላና ሳይቀር፣ ሁሉም ቆመው ነው ያዩኝ። አንድ ሰው አፉን አልከፈተም።»

ፈናን ሳጅን ከዲሮን አስከትላ ወደ ኃይለመስቀል ቢሮ ገባች። ከዲሮ የወረዳው ፖሊስ ነው፤ ተሻለችን ያሰራትም እሱ ነው። ፈናን ምድጃው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ሳጅን፣ የጋለ ምድጃ ፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?»

«ይቀልጣላ።»

«ይሄ ቀልጧል?»

ከዲሮ ጎንበስ ብሎ አየ። ምድጃው የተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ ክብ የጭቃ ምልክት እንጂ ሌላ ነገር የለም። ፈናን ጣቷን ወደ ምድጃው ከትታ ከታች አንድ ከሰል አወጣችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። እርጥብ ነበር።

«ጠዋት ይሄን አላየኸውም?»

«ጠዋት ሬሳውን ነበር የማየው» አለ ከዲሮ፣ ጆሮው እየቀላ።

«ስለዚህ ምድጃው ዝናብ ከመታው በኋላ ነው እዚህ የገባው። በጠፋ ከሰል ሰው አይታፈንም። ሰውየው ግን ታፍኗል። ሌላ ጭስ ፈልግልኝ።»

ጭሱን ራሷ አገኘችው። ከጣሪያው በታች በረንዳው ላይ የሚከፈት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። ነጭ ኖራ የተቀባው ግድግዳ በቀዳዳው ዙሪያ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ወጥታ በረንዳውን ዞረች። ከቤቱ ጀርባ ከአሸንዳ የተረፉ ቱቦዎች ተከምረዋል፤ ከመካከላቸው የአንዱ ውስጡ ጥቁር ነው። የጽሕፈት ቤቱ ጄኔሬተር ደግሞ ዘወትር በሚቀመጥበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ደርቆ፣ ተወልውሎ ቆሟል። ከጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ሁሉ ያለ አቧራ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር።

«ዘበኛው ማታ ሞተር ሰምቻለሁ ይላል» አለ ከዲሮ። «ግን መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሆቴሎቹም ያስነሳሉ። በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።»

«ይህን ለማንም አትናገር» አለችው። «ግቢ ውስጥ ጄኔሬተር ማስነሳት የሚችለው ማን ማን እንደሆነ ነው የምፈልገው።»

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኦላና ቀኝ እጁ በጄሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ተገልብጦበት ነው። ስትገባ ከወንበሩ አልተነሳም።

«አንቺ ነሽ ከዞን የመጣሽው? ቶሎ ጨርሺልኝ። ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ በጀት ለመስማት ይመጣል፤ በጀቱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሞቷል።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

«ተጯጩኸን ነበር። እኔ ለከርሞ ተጨማሪ ታብሌት እንገዛለን ብዬ ለበላዮቼ ቃል ገብቻለሁ። ኃይሌ ደግሞ አንድም አይገዛም፣ ገንዘቡ ለሶላርና ለጥገና ይዋል አለ። በሰኔ የማይጯጯኽ የበጀት ሰው ካለ አሳይኝ!»

«ጄኔሬተሩን ማን ነው የሚያስነሳው?»

«እኔማ በደኅናውም እጄ አስነስቼው አላውቅም። ገመዱ ጉልበት ይፈልጋል። ቀለሟ ወይ እንደሻው ናቸው። ግን ሰሞኑን አልተነሳም፤ ነዳጅ ጨርሰናል ተብያለሁ።»

«ስልክዎን ላየው?»

ኦላና ጥቁር መስታወት የሆነውን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ሞቷል። የከተማው ሰው ስልክ ሁሉ ሞቷል።»

ቀለሟ የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ፈናን ያገኘቻት ታብሌቶች ከሚቀመጡበት ክፍል በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ነው።

«ስልክሽ ይሠራል?»

«ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ለእናቴ እንኳ መንገር አልቻልኩም።»

«ጋሽ ኃይሌ ታብሌት አይገዛም ያለው ለምን ነበር?»

ቀለሟ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አየች።

«ያሉንን አርባዎቹን መብራት የሌለበት ትምህርት ቤት ወስደን ሞከርናቸው። ቀኑን ሙሉ መሥራት ሲገባቸው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ ይጠፋሉ። ባትሪያቸው አሮጌ ነው። ሰው ሲጠቀምበት የኖረ ዕቃ፣ ሽፋኑ ተቀይሮ አዲስ ተብሎ ነው የተሸጠልን። ጋሽ ኃይሌ ዛሬ ለምክር ቤቱ ሊያሳይ ነበር። ትናንት ባዶ እንደሆኑ መለስናቸው። ‹አትሙያቸው፣ ሰዎቹ ፊት ሞልተን ሰዎቹ ፊት ይጥፉ› አለኝ።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እንዳይሞሉ ያለውን እኔና እሱ ብቻ። ሙከራውን ግን ትናንት ለጋሽ እንደሻውም ለኦቦ ኦላናም ነግሯቸዋል።»

ፈናን ከመደርደሪያው አንድ ታብሌት አንስታ ማብሪያውን ተጫነች። በራ። መቶ በመቶ። ሁለተኛውን ሞከረች፤ እሱም ሞልቷል። ሦስተኛውም።

ቀለሟ እንባዋን ረስታ አፏን ከፈተች። «እኔ አይደለሁም! በእናቴ!»

«አንቺ ነሽ ማን አለሽ? እነዚህ ማከፋፈያዎች ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?»

አርባው ሁሉ እርስ በርስ በተቀጣጠሉ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች ላይ ተሰክቷል፤ የመጀመሪያው ማከፋፈያ ጫፉ ቀልጦ ተጣሟል።

«በጭራሽ። አሥር አሥር እያልኩ ነው የምሞላው። ሁሉንም ባንዴ ማን ይሰካል? ይቃጠላል እኮ!»

«የክፍሉ ቁልፍስ?»

«ሦስታችንም ጋ አለ። እኔ፣ ኦቦ ኦላና፣ ጋሽ እንደሻው።»

የግዢና ፋይናንስ ኃላፊው እንደሻው ፈናንን ቆሞ ተቀበላት፤ ወንበሩንም ጠርጎ አስቀመጣት። የሟቹ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ነው፤ ለለቅሶው የሚያዋጡትን ሰዎች ስም በአሮጌ ቃለ ጉባኤ ጀርባ ላይ እየጻፈ ነበር። ወረቀቱን እኩል አጥፎ ቀደደና ግማሹን ወደ መሳቢያው መለሰ።

«ኃይሌ ወንድሜ ነበር» አለ።

«ታብሌቶቹን የተረከበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ሳጥኖቹ ታሽገው መጡ፤ ቆጠርኩ፣ ፈረምኩ።»

«ከፍተው አላዩም?»

እንደሻው በትዕግሥት ፈገግ አለ። «ልጄ፣ እነሱም የገቡት አምና በሰኔ ነው። ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ገንዘቡ ካልወጣ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳል። በሰኔ የመጣ ዕቃ ተከፍቶ አይታይም። የትም ቢሆን እንዲሁ ነው።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። «ይቅርታ» ብሎ አጠፋው። «እትዬ ተሻለችን አትጨክኑባት። ስህተት ነው፣ ክፋት የላትም።»

«አልጨክንባትም» አለች ፈናን።

ከሰዓት በኋላ የምክር ቤቱ አባላት ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ሳይሆን ለቅሶ ጠበቃቸው። ፈናን ኦላናን፣ ቀለሟንና እንደሻውን ከፊት አስቀመጠች። ከዲሮ ተሻለችን ይዞ ገባ፤ በሩ አጠገብ ቆመች። የተቀመጡት ሰዎች ወደ እሷ ዞረው ተንሾካሾኩ።

«አጭር ነው» አለች ፈናን። «ምድጃው የተገኘው ፕላስቲክ ላይ ነው። ፕላስቲኩ አልቀለጠም፤ ከሰሉ እርጥብ ነው። ማለት ወይዘሮ ተሻለች እንዳሉት ምድጃው ውጭ አድሯል፤ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው የገባው። የገደለው የጄኔሬተር ጭስ ነው። ጄኔሬተሩ በረንዳው ላይ ተተክሎ፣ ጭሱ በአሸንዳ ቱቦ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ክፍሉ ተለቀቀ። ቱቦው ተገኝቷል፤ ለአሻራ ወደ አሰላ ይሄዳል።»

«ጄኔሬተሩ መቼ ተነሳ?» አለ ኦላና። «ነዳጅ አልቋል ተብለን የለም?»

«ማን ነው ያለዎት?»

የኦላና ዓይን ወደ እንደሻው ሄደ።

«መነሳቱን በምን አወቅኩ? ትናንት ባዶ ሆነው የገቡት አርባ ታብሌቶች ዛሬ መቶ በመቶ ሞልተዋል፤ ከተማው ውስጥ ግን መብራት የለም። አሁን ማን እንደሞላቸው እንይ። ኦቦ ኦላና በጄሶ እጅ ገመድ አይጎትቱም፣ ጄኔሬተርም አይሸከሙም። ቀለሟ እንዳይሞሉ የተነገራት እሷ ብቻ ናት፤ ብትሞላም አርባውን ባንዴ ሰክታ ማከፋፈያ አታቃጥልም። የሞላቸው ሰው ሁለት ነገር አላወቀም። ባዶ እንዲሆኑ መፈለጉን አላወቀም፤ እንዴት እንደሚሰኩም አላወቀም። አንድ ነገር ግን ያውቃል፤ ጄኔሬተር ከተነሳ ሶኬት ባዶ መዋል የለበትም።»

ከኋላ አንድ አስተማሪ ሳያስበው «ጋሽ እንደሻው!» አለ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«ይሄ ፌዝ ነው» አለ እንደሻው ተረጋግቶ። «ቆጣቢ ነኝ፤ ቆጣቢነት ወንጀል አይደለም።»

«አይደለም። ስልክዎ ግን ይጮኻል።»

«ምን?»

«የኦቦ ኦላና ሞቷል፤ የቀለሟ ሞቷል። የእርስዎ ቅድም ኪስዎ ውስጥ ጮኸ። የት ነው የሞሉት?»

«ፀጉር ቤት። ሶላር አላቸው፣ አምስት ብር ከፍዬ...»

«ጋሽ እንደሻው? ከፍለው?» አለች ቀለሟ።

«ስልክ የሚሞላበትን ቦታ ሁሉ፣ ፀጉር ቤቱንም፣ ሳጅን ከዲሮ ጠይቋል» አለች ፈናን። «ዝናቡ ከያዘ ወዲህ ሶላሩ ለራሳቸው መላጫም አልበቃም፤ የመጣውን ሁሉ መልሰዋል። አቶ እንደሻው፣ እነዚያን ሳጥኖች አሮጌ መሆናቸውን እያወቁ ተረክበው ከሸጠልዎት ነጋዴ ጋር ትርፉን ተካፍለዋል። ጓደኛዎ ዛሬ እዚህ ቆሞ ሊናገር ነበር። ጄኔሬተር ሲነሳ ግን አልጠረጠረም። ለምን?»

እንደሻው እጆቹን አየ።

«ላፕቶፑ ሊጠፋበት ነበር» አለ። «አስነሳልሃለሁ አልኩት። አመሰገነኝ።»



«ሊገድሉት ነበር ያስነሱት» አለች ፈናን። «ታብሌቶቹን መንካት ለምን አስፈለገ? ባይሞሉ ኖሮ ጄኔሬተሩን አልጠይቅም ነበር።»

እንደሻው ቀና ብሎ፣ ጥያቄው እንዳልገባው ሰው አያት።

«ታዲያ ያ ሁሉ ነዳጅ ዝም ብሎ ይቃጠል?»

ከዲሮ የተሻለችን ካቴና ፈትቶ በዚያው ካቴና እንደሻውን አሰረውና አወጣው። ፈናን መዝገቡን ከፍታ በተሻለች ላይ የተጻፈውን የክስ ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘችና ፈረመች። ኦላና ላቡን በግራ እጁ ጠረገ፣ ወደ ተሻለችም ሳያይ «በሉ እንግዲህ፣ እትዬ ተሻለች፣ ወደ ሥራችን... ነገ ጠዋት ይግቡ» አለ።

ተሻለች ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ጠዋት ሲወስዱኝ ኦቦ ኦላና እዚያ ግቢ ቆመው ነበር። ሰውም ነበር። አሁንም ሰው አለ።»

ኦላና ወደ ፈናን ዞረ። ፈናን መዝገቧን እየከተተች ነበር፤ አላገዘችውም። ኦላና ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጫማውን እያየ «ወይዘሮ ተሻለች ሰው አልገደሉም» አለ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ተሻለች።

ኦላና ቀና አለና ደገመው፤ በዚህ ጊዜ በረንዳ ላይ የቆሙትም ሰሙ።