ሻምበሉ እና ቀዩ ነጠላ ጫማ

«ቀጮ! ኧረ ቀጮ! ነይና ይሄን ጉድሽን ያዢልኝ!»

የቀጮ እናት ጓሮ ካለው ሽንት ቤት ውስጥ ከታገተች አስር ደቂቃ አልፏታል። የመሥሪያ ቤቷ ሰርቪስ ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርጎ ጥሏት ሄዷል። አውራ ዶሮው ከሽንት ቤቱ በር ፊት ለፊት ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል፤ በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ዘሎ በእግሩ ይመታዋል።

ቀጮ የጥርስ ብሩሿን እንደነከሰች ወጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ፊቷን ሳትታጠብ ከዶሮ ጋር መታገል አንገፍግፏታል። መጥረጊያውን ስታነሳ ዶሮው ይብስ ተቆጣ። ሁለት ዙር አባረረችው፣ አንድ ዙር አባረራት፣ በመጨረሻ ከኋላው ዞራ አቀፈችው።

«አታፍርም?» አለችው። አያፍርም።

አባቷ ዶሮው ሰው ባጠቃ ቁጥር ማዕረግ ይጨምርለታል። ቆጣሪ አንባቢውን ከግቢ ሲያባርር አስር አለቃ ሆነ፤ አባቷን ራሱን ተረከዙ ላይ ሲወጋው ሃምሳ አለቃ። ባለፈው ሳምንት የታናሽ ወንድሟን የማሙሽን እግር ሲቧጭር ሻምበል ተባለ። ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። እናቷ «በኳስ እየመታህ አሳበድከው!» ብላ የማሙሽን ኳስ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ማሙሽ አልመታሁም ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት! ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዚህ በፊት መስኮት ሰብሮ ስለሚያውቅ ስሙ ቀድሞ ጠፍቷል።

እናቷ እየተነጫነጨች ወጣች። «ዛሬ አመሻሽ እንቁላል የሚረከቡን እትዬ ሲመጡ ይዘውት ይሂዱ። ይሽጡት፣ ይረዱት፣ እኔ ምን ቸገረኝ።»

«እማዬ፣ ትንሽ ጊዜ ብንሰጠው...»

«ጊዜ? ከሽንት ቤት ለመውጣት የዶሮ ፈቃድ ልጠይቅ?»

ቀጮ ስለ ዶሮው ስትሟገት ሁልጊዜ የምትሸነፈው እሷ ናት።

አመሻሽ ላይ እትዬ መጡ። ሻምበሉ እንዳያቸው ተንደርድሮ የተጫሙትን ነጠላ ጫማ በጥፍሩ መታው። አባቷ መጥረጊያውን ሊያነሳ ሲል «ተው!» አሉት። ሳይሸሹ ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው አነሱትና ብብታቸው ስር አደረጉት።

«መጥረጊያ ስታነሱበት ግጥሚያ ይመስለዋል» አሉ። «ይሄ ከጫጩትነቱ ጀምሮ ከሰው ጋር ሲታገል ያደገ ነው። እዩት፣ ከሁሉ በፊት የሚያየው ነጠላ ጫማ ነው። ያስለመደው ሰው አለ።»

ሁሉም ወደ ማሙሽ ዞሩ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ማሙሽ።

ቀጮ ግን ያኔ ገባት። ጫጩቱን አልጋዋ ስር ካርቶን ውስጥ ያሳደገችው እሷ ናት። ያን ጊዜ ቀይ ነጠላ ጫማዋን እጇ ላይ አጥልቃ ደረቱን ገፋ ታደርገው ነበር፤ እሱ ዘሎ ይራገጣል፤ እሷ እንደተሸነፈ ቦክሰኛ ወለሉ ላይ ትዘረራለች። በስልክ የቀረጸችውን ትምህርት ቤት ያላየ የክፍሏ ልጅ የለም፤ በሳቅ ፈርሰዋል። ጥፍሩ ጠንክሮ ማሳመም ሲጀምር ጨዋታውን አቆመች። ለእሱ ግን ማቆሟን የነገረው የለም።

ዝም ብትል ዶሮው ይሄዳል፣ ነገሩም አብሮት ይሄዳል። ማሙሽ እንደሆነ ቁጣ ለምዷል። ይህን ስታስብ በራሷ በገነች። መኝታ ክፍሏ ገባችና ጫፉ በመነቆር ብዛት የተቦዳደሰውን ቀይ ነጠላ ጫማ ይዛ ተመለሰች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ሻምበሉን ያሠለጠነችው የኛው ጄኔራል ናት» አለ አባቷ። ማንም አልሳቀለትም።

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?» አለች እናቷ።

«እኔ እንዳስለመድኩት ገና አሁን ገባኝ። ግን... ማሙሽ በኳስ እንዳልመታው አውቅ ነበር። ያን ቀን በመስኮት አይቼዋለሁ።»

እናቷ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለማሙሽ ሰጠችው። ማሙሽ ቁልፉን ተቀብሎ ቀጮን ሳያያት ወደ ቤት ገባ። ከቁጣው ሁሉ ይሄ ባሰባት።

«እና ልውሰደው?» አሉ እትዬ።

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አለች ቀጮ። «እኔው ላስተወው።» እናቷ «ሁለት ሳምንት ብቻ!» አለች።

«ቦት ጫማ አድርጊ፤ ባዶ እጅሽን ውጪ» አሉ እትዬ። «ሲመጣብሽ አትሽሺ፣ አትምቺው። አቅፈሽው ዙሪ፣ እስኪረጋ። ሲወርድ ከደገመው፣ አንቺም ድገሚ። መሰልቸት ያለበት እሱ ነው።»

«ካልተወስ?»

«ያኔ እወስደዋለሁ፤ እኔ የትም አልሄድም» አሉ፣ ዶሮውን እያቀበሏት።

በማግስቱ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሳች። የአባቷን ቦት ጫማ አጥልቃ፣ መጥረጊያውን ጥግ ላይ ትታው ወጣች። ሻምበሉ መጣባት። አነሳችው፤ ዞረች፤ አወረደችው። መጣባት። አነሳችው። በአራተኛው ክንዷ ዛለ፤ ስድብ አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ማሙሽ ኳሱን አቅፎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ስንተኛሽ ነው?» አላት። ከትናንት ወዲህ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነው።

«ስድስተኛ።»

ከመንገዱ የሰርቪሱ ክላክስ ተሰማ። ቀጮ ዶሮውን ብብቷ ስር ሸጉጣ የሽንት ቤቱን በር አንኳኳች።

«እማዬ፣ ውጪ» አለች። «ይዤዋለሁ።»