የማይቀዘቅዘው ሰም

ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም። በገዛ እጄ የነካሁት ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ የናሙና ላብራቶሪ...

ሥራዬ ከታማሚ የተወሰደ ቁራጭ ሥጋ በሰም ከታሸገ በኋላ በምላጭ በስሱ መቁረጥ ነው። ከዚያ የላብራቶሪያችን ሐኪም በማይክሮስኮፕ ታየዋለች። ሰሙ እንዲጠነክር በቅድሚያ በረዶ ላይ እናስቀምጠዋለን።

የዚያን ቀን አንዱ አልቀዘቀዘም።

ከሥሩ ያለው በረዶ ቀለጠ። ቀየርኩለት። እሱም ቀለጠ...

በጣቴ ነካሁት። ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይሞቃል።

የታላቅ እህቴ ናሙና ነበር። ከማህፀኗ በር የተወሰደ።

ቀዶ ጠጋኙ የተለመደው የማህፀን በር ካንሰር ነው ብሎ ማህፀኗን ሊያወጣ ቀን ቆርጧል። የእኛን ውጤት ለወጉ ያህል ነው የሚጠብቀው። እታለም ደግሞ ገና አልወለደችም።

እኔ ምንም አልተሰማኝም። ደንዝዤ ነበር። እንደምንም ቆርጬ ለሐኪሟ ሰጠኋት።

ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየች።

«ሴሎቹ አልተያያዙም» አለች በሹክሹክታ። «ተበታትነዋል... ሊምፎማ እንዳይሆን።»

የነጭ የደም ሴል ካንሰር ማለቷ ነው። እዚያ ቦታ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ቀዶ ጥገናውን አስቆመች። በልዩ ቀለም ሲመረመር እውነት ሆነ። ይሄኛው በመድኃኒት እንጂ በቢላ አይታከምም።

እታለም ለወራት በክንዷ የደም ሥር መድኃኒት ሲንጠባጠብላት ከረመች። ጸጉሯ ረገፈ። «ጸጉር ነው የከዳኝ፣ ባል አይደል» እያለች ታስቀን ነበር።

በመጨረሻ እንደገና ናሙና ተወሰደ። ንጹህ ሆነ። ያኛው ሰም በረዶው ላይ በደንብ ቀዘቀዘ።

ማህፀኗም ተረፈ፣ እሷም ተረፈች። እናታችን ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች።

ልንወጣ ስንል የእታለምን እጅ ያዝኩ።

በረዶ ነው።

«በረደሽ እንዴ፣ እታለም?»

«አይ... ምንም አይሰማኝም።»

ግንባሯን ነካሁ። አንገቷንም። በረዶ...

አንድ ነገር ረሳሁ ብዬ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የቆዩ ሰሞች ያሉበትን መሳቢያ ከፈትኩ። ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው።

የእሷ የመጀመሪያው ግን አሁንም ይሞቃል።

ጨበጥኩት። ደረጃውን ስወጣ በሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ፊቷ ቀላ ብሏል።

«አሁን ሞቀኝ» አለች።

ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው፤ ሌላው ሰሙን እንደጨበጠ ነው።